አፕላይድ ላይ ኤፍ ሲመጣ፦ የኢንጂነሪንግ መሠረታዊ ኮርሶችን ማለፍና መድገም፣ ደረጃ በደረጃ

ግሬድ ተለቀቀ ሲባል ዶርም ውስጥ የሚሆነውን ታውቀዋለህ። ፖርታሉ አልከፍት ይላል። አንዱ ኮሪደር ላይ እየጮኸ ይሮጣል፣ ሌላው ስልኩን አጥፍቶ ብርድ ልብሱን ይከናነባል። ይህ ጽሑፍ ለተከናነበው ልጅ ነው። ከመሐል ሜዳ ና፣ ከዓለም ከተማ፣ ከሸዋ ሮቢት ወይም ከአረርቲ፣ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተመደብክም ሌላ ቦታ፣ የኢንጂነሪንግ መሠረታዊ ኮርሶች፣ በተለይ አፕላይድ የምንለው የኢንጂነሪንግ ሒሳብ (አፕላይድ ማቲማቲክስ)፣ የሚጥሉትም የሚያነሡትም በተመሳሳይ መንገድ ነው። አንቺም እህቴ እንደዚሁ፤ «አንተ» እያልኩ የምቀጥለው ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ ብቻ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንስማማ። ተማሪው ኤፍ ሲያይ የሚደነግጠው ለጂፒኤው፣ ማለትም ለግሬዱ አማካይ ነው። ጂፒኤ ግን በሚቀጥለው ሴሚስተር ትንሽ በትንሽ ይስተካከላል። የባሰው ጣጣ ካላንደሩ ነው። መሠረታዊ ኮርስ ብዙ ቦታ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚከፈተው፣ እስኪከፈት ድረስ ደግሞ ከኋላው የተሰለፉትን ኮርሶች ይዘጋብሃል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ፣ የትኛው ኮርስ ምን እንደሚዘጋብህና መቼ እንደሚከፈት አውቀህ የምትባክነውን ዓመት ለማሳጠር ነው።

1. ሰንሰለቱን ወረቀት ላይ ሣለው

ዲፓርትመንትህ ሂድና የኮርስ ብሬክዳውኑን ጠይቅ። ከመጀመሪያው ዓመት እስከ መመረቂያህ ያሉት ኮርሶች በሙሉ፣ ከነኮዳቸው፣ ከነክሬዲታቸውና ከነፕሪሪኩዚታቸው (አስቀድሞ ማለፍ ካለበት ኮርስ ጋር) የተዘረዘሩበት ወረቀት ነው። የሚገርመው፣ አብዛኛው ተማሪ ይህን ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሊመረቅ ሲል ነው። አንተ ዛሬ ፎቶ አንሣውና ስልክህ ላይ አስቀምጠው።

ከዚያ ባዶ ወረቀት አውጣ። እያንዳንዱን መሠረታዊ ኮርስ በክብ ውስጥ ጻፍና እሱን የሚጠብቀው ኮርስ ድረስ ቀስት አስምር። ሒሳቡ በአብዛኛው እንዲህ ይወጣል። አፕላይድ ዋን ቬክተር፣ ማትሪክስ፣ ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭና ኢንቲግራል ነው፤ የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ ብዙ ቦታ በመጀመሪያው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ይሰጣል። አፕላይድ ቱ ሲኩዌንስና ሲሪየስ፣ ከዚያም ከአንድ በላይ ተለዋዋጭ ያላቸው ፈንክሽኖችና ድርብ ኢንቲግራሎች ናቸው። አፕላይድ ስሪ ላይ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ላፕላስ ትራንስፎርም፣ ቬክተር ካልኩለስና ኮምፕሌክስ ፈንክሽን ይመጣሉ። ዋን ከወደቀ ቱ ይቆማል፣ ቱ ከቆመ ስሪ ይቆማል።

ከዚህ በኋላ እንደ ዲፓርትመንትህ ይለያያል። ሲቪል ከሆንክ ስታቲክስ፣ ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ፣ ቲዎሪ ኦፍ ስትራክቸርስ፣ ከዚያ የኮንክሪት ዲዛይን እያለ ይወጣል። ይህ መስመር ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፣ መሐል ላይ መታጠፊያ የለውም። መካኒካል ከሆንክ ስታቲክስ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ በአንድ በኩል ዳይናሚክስ፣ በሌላ በኩል ስትሬንግዝ፣ ሁለቱ ደግሞ ማሽን ኤለመንት ላይ ይገናኛሉ። ኤሌክትሪካል ከሆንክ ስታቲክስ ብዙም አይከተልህም፤ አንተን የሚያንቀው አፕላይድ ስሪና ሰርኪት ነው፣ ምክንያቱም ሲግናልስ ኤንድ ሲስተምስ ያለ ላፕላስ አይገባም፣ ከሲግናልስ በኋላ ደግሞ ኮንትሮል ይጠብቅሃል።

ወረቀቱ ሲያልቅ ቀስቶቹን ቁጠር። ብዙ ቀስት የሚወጣበት ኮርስ ላይ ጊዜህን በሙሉ አፍስስ። ቀስት የሌለው ኮርስ፣ ለምሳሌ ጂኦግራፊ ወይም ሳይኮሎጂ፣ ቢወድቅ ያናድዳል እንጂ ዓመት አይወስድብህም፤ ክፍት ሴሚስተር ፈልገህ ትከተዋለህ። ኢንጂነሪንግ ድሮዊንግም ቢሆን ሌሊት ሙሉ እያስመረረ የሚያስቀምጥህን ያህል የሚዘጋብህ ኮርስ ብዙ አይደለም። ተማሪው ግን ድሮዊንግ ሲያሥል አድሮ ለአፕላይድ ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ሳያነብ ይገባል። ይህን ሁሌ አያለሁ፣ ሁሌም አይገባኝም።

2. ግሬዱን በትክክል አንብበው

ኤፍና ኤፍኤክስ አንድ አይደሉም። ሁለቱም ሲሰላ ዜሮ ናቸው፣ ግን ኤፍኤክስ ያመጣ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ሪኤግዛም (ድጋሚ ፈተና) የመቀመጥ ዕድል አለው፣ ኤፍ ያመጣው ደግሞ ኮርሱን ከነትምህርቱ መድገም አለበት። ስለዚህ ኤፍኤክስ አይተህ ሻንጣህን ይዘህ ወደ መናኸሪያ ከሄድክ፣ ሪኤግዛሙ ቀን ቤትህ እህል እየወቃህ ሊያልፍህ ይችላል። ማስታወቂያው እስኪለጠፍ ከግቢ አትራቅ፤ መሄድ ግድ ከሆነብህም የሚደውልልህ የክላስ ተጠሪ ይኑርህ።

ኤንጂ ወይም ኢንኮምፕሊት ከሆነ የጎደለ ነገር አለ ማለት ነው፤ ያልገባ ላብ ሪፖርት፣ ያልተፈተንከው ፈተና፣ አንዳንዴም መምህሩ የዘለለው ስም። ዝም ካልከው ወደ ኤፍ ይለወጣል። ይህ በአንድ ቀን የሚያልቅ ጉዳይ ነውና ዛሬውኑ ሂድ።

ዲ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። አለፍኩ ብለህ ትተኛለህ። ግን ዲ 1.0 ብቻ ነው የሚይዘው፣ ለመመረቅ ደግሞ ጠቅላላ ሲጂፒኤህ (የሁሉም ሴሚስተር አማካይ) ቢያንስ 2.00 መሆን አለበት። ሁለት ሦስት ዲ ከተጠራቀሙ አንድም ኤፍ ሳይኖርህ ልትንሸራተት ትችላለህ። ከዚያ በላይ ግን፣ አፕላይድ ዋንን በዲ ያለፈ ልጅ አፕላይድ ቱ ክፍል ውስጥ ምን ይዞ ነው የሚቀመጠው? ወረቀት ላይ አልፏል፣ ኢንቲግራሉ ግን እዚያው ቀርቷል።

አሁን ካልኩሌተር አውጣ። አንድ ሴሚስተር 18 ክሬዲት ወሰድክ እንበል። አፕላይድ ዋን 4 ክሬዲት ይሁን፣ ኤፍ ሆነ። የቀሩት 14 ክሬዲቶች በአማካይ ሲ ፕላስ፣ ማለትም 2.5 መጡ። 14 በ2.5 ሲባዛ 35፣ ለ18 ሲካፈል 1.94። አየህ፣ ደህና ተማሪ በአንድ ኮርስ ምክንያት ከ2.00 በታች ወረደ። ያው ኤፍ በ2 ክሬዲት ኮርስ ላይ ቢሆንስ? 16 በ2.5 ሲባዛ 40፣ ለ18 ሲካፈል 2.22። እንግዲህ የኤፍ ክብደቱ ከክሬዲቱ ጋር ነው። አፕላይዱን ደግመህ ሲ ብታመጣና አዲሱ ግሬድ ቢተካልህ 43 ለ18 ይሆናል፣ ማለትም 2.39። ይህን ስሌት በራስህ ቁጥሮች ሥራው። ጭንቀት በቁጥር ሲሆን ትንሽ ይቀንሳል፣ ቢያንስ ስንት እንደጎደለህ ታውቃለህ።

3. ግሬድ በወጣ ሰሞን

ወረቀትህን እይ። ፈተናህን ማየት መብትህ ነው፣ የቅሬታ ጊዜው ግን አጭር ነው፣ በቀናት የሚቆጠር። ወደ መምህሩ ስትሄድ ብቻህን ሂድ፣ አጃቢ ጓደኛ አያስፈልግም። «መምህር፣ ለመከራከር አይደለም የመጣሁት፣ የፋይናል ወረቀቴን ቢያሳዩኝ የት እንደሳትኩ ለማየት ነው» በል። በዚህ አነጋገር ብዙ መምህር በሩን ይከፍታል። መጀመሪያ የምታየው ድምሩን ነው፤ ኩዊዝ፣ አሳይመንት፣ ሚድ፣ ፋይናል፣ አንድ በአንድ። የድምር ስህተት ያጋጥማል። ያልተመዘገበ አሳይመንትም እንደዚሁ። ስህተት ካለ በጽሑፍ ለዲፓርትመንቱ አስገባ፣ ግልባጩን ለራስህ አስቀር።

ስህተት ከሌለ ደግሞ ወረቀቱን ሳትመልስ የሳትካቸውን ጥያቄዎች ርዕስ ማስታወሻ ደብተርህ ላይ ጻፍ። በኋላ ስድስተኛው ላይ የምንፈልገው ይህን ዝርዝር ነው።

«ቲቸር አንድ ማርክ ብቻ» እያልክ ከቢሮ ቢሮ አትዙር። አይሰጥህም፣ ቢሰጥህም ሲ ማይነስን ሲ አያደርግልህም፣ ስምህ ግን በሚቀጥለው ዓመት እዚያው መምህር ክፍል ውስጥ ይጠብቅሃል።

4. ሬጅስትራር መስኮት ላይ የሚጠየቁት ጥያቄዎች

ኮርስ የመድገም ሕግ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ በዝርዝሩ ይለያያል፣ ጎንደር ያለው የአክስትህ ልጅ የነገረህ አንተ ዘንድ ላይሠራ ይችላል። ሕጉ የሴኔት ሌጅስሌሽን በሚባለው ሰነድ ውስጥ ተጽፏል። ሲኒየሮችን መጠየቅ ጥሩ ነው፣ ውሳኔ ግን በሰሚ ሰሚ አይደረግም። ምዝገባ ሳይጀመር፣ ሰልፉ ሳይረዝም ጠዋት ሂድና እነዚህን ጠይቅ፦

— ይህ ኮርስ እንደገና የሚከፈተው በየትኛው ሴሚስተር፣ ከየትኛው ባች (አብሮ ከገባ የተማሪዎች ዙር) ጋር ነው?
— በሌላ ዲፓርትመንት ቀድሞ የሚሰጥ ከሆነ እዚያ ገብቼ መውሰድ እችላለሁ?
— በክረምት ይከፈታል? ለመከፈትስ ስንት ተማሪ መመዝገብ አለበት?
— ስደግመው የሚያዘው የመጨረሻው ግሬድ ነው? የመጀመሪያውስ ትራንስክሪፕት ላይ ይታያል?
— አንድ ኮርስ ስንት ጊዜ መድገም ይቻላል?
— በአንድ ሴሚስተር ከፍተኛው ክሬዲት ስንት ነው?

ከእነዚህ ውስጥ ሁለተኛውን አትናቅ። አፕላይድ የሁሉም የኢንጂነሪንግ ተማሪ ኮርስ ነው። የሲቪል ባች በመጀመሪያው ሴሚስተር ካልወሰደው ኤሌክትሪካሉ ወይም ኬሚካሉ ሊወስደው ይችላል፤ የኮርስ ኮዱና ክሬዲቱ አንድ ከሆነ የሁለቱን ዲፓርትመንት ኃላፊዎች ፊርማ ይዘህ መግባት የሚቻልበት ጊዜ አለ። በዚህ መንገድ አንድ ሙሉ ዓመት የሚድንለት ልጅ አለ። ማንም ግን ጠርቶ አይነግርህም፣ ራስህ ነህ የምትቆፍረው።

መልሱን ካገኘህ በኋላ አድቫይዘርህ (የተመደበልህ አማካሪ መምህር) ጋ ሂድ። አድቫይዘር ማለት የምዝገባ ስሊፕ ላይ የሚፈርም ሰው ብቻ የሚመስለው ተማሪ ብዙ ነው። የሣልከውን ሰንሰለት ይዘህ ግባና «ከዚህ ወደዚህ ነው ለመሄድ ያሰብኩት፣ ምን ይላሉ?» በለው። ወረቀት ይዞ የገባ ተማሪ ቶሎ ይደመጣል።

5. ምዝገባና ጫና

የሚደገመውን ኮርስ መጀመሪያ መዝግብ፣ ሌላውን በተረፈው ቦታ። ብዙው ሰው የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ከባቹ ላለመነጠል የባቹን ኮርሶች ሁሉ ይሞላና የደገመውን ከላይ ይደርበዋል። ከዚያ ሁለቱም ይፈሳሉ።

የክፍል ሰዓት ግጭትን ምዝገባ ሳይዘጋ ፈትሽ። ከታች ባች ጋር ስትማር የእነሱ ክፍል ከአንተ ክፍል ጋር መጋጨቱ የማይቀር ነው ማለት ይቻላል። አንዳንዱ መምህር ሌላ ሴክሽን እንድትገባ ይፈቅዳል፤ አስቀድመህ ጠይቅና ስምህን የምትማርበት ሴክሽን አቴንዳንስ ላይ አስጽፍ። ስምህ በአንድ ሴክሽን፣ ወንበርህ በሌላ ሴክሽን ሆኖ ኩዊዝህ የት እንደገባ ሳይታወቅ ሴሚስተሩ ያልቃል። የላብ ግጭት ከሆነ ግን ቀልድ የለም፣ ላብ አይተካምና አንዱን ኮርስ አሁኑኑ ጣል። አድ ኤንድ ድሮፕ የሚባለው፣ ኮርስ የሚጨመርበትና የሚቀነስበት ጊዜ ለዚህ ነው የተሰጠው፣ ካለፈ ግን አለፈ።

ስንት ክሬዲት ልያዝ ለሚለው የእኔ ሐሳብ ግልጽ ነው። አፕላይድ እየደገምክ ከፍተኛውን ክሬዲት አትሙላ። አንድ ቀላል ኮርስ ለክረምት ወይም ለኋላ ይቆይ። ከባች መነጠል ያማል፣ አውቃለሁ፤ አብሮህ ዶርም የገባው ልጅ ሦስተኛ ዓመት ሲል አንተ ከፍሬሾች ጋር ወንበር ትፈልጋለህ። ግን ከባቹ ጋር እሮጣለሁ ብሎ ስታቲክስን ደግሞ የጣለ ልጅ ከዚያኛውም ከዚህኛውም ባች ይቀራል።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ፣ ኢንተርንሺፕ (ድርጅት ውስጥ የሚሠራ የትምህርት ልምምድ)። ኢንተርንሺፕ በወጣህበት ሴሚስተር ግቢ ውስጥ የለህም። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ካሉት ፋብሪካዎች አንዱን ብታገኝ እንኳን፣ ቀኑን ፋብሪካ ውለህ የጠዋት ሌክቸር አትገባም። ስለዚህ የሚደገመው ኮርስ የሚከፈትበት ሴሚስተርና ኢንተርንሺፑ እንዳይገጥሙ ከአሁኑ ሰንሰለቱ ላይ በቀይ አስምርበት። ከገጠሙ አንዱ ወደ ሌላ ዓመት ይዞራል፣ ያኔ ቁጭቱ ሌላ ነው።

6. ሁለተኛ ጊዜ ሲነበብ

ይህ ዋናው ነው፣ ትንሽ እንቆይበት።

የሚደግም ተማሪ ትልቁ ጠላት «ይህን እኮ አውቀዋለሁ» ማለት ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ ሁሉም ነገር የሚታወቅ ይመስላል። አርዕስቱን ታውቀዋለህ፣ ምሳሌውን አምና አይተኸዋል፣ ስለዚህ እጅህ እስክሪብቶ አይነካም። ሚድ ላይ ግን አምና የሳትከውን ያንኑ ጥያቄ ትስተዋለህ። ክፍል ውስጥ ከሁሉም በላይ መጻፍ ያለበት የሚደግም ልጅ ነው።

መጀመሪያ ማርኩ የት እንደፈሰሰ ለይ። በብዙ ኮርስ ግማሽ ገደማው ከፋይናል በፊት ያልቃል። ከፋይናል በፊት የነበረው ዝቅተኛ ከሆነ ችግርህ ልማድ ነው፤ አሳይመንት ከጓደኛ ቀድተህ ነበር፣ ኩዊዝ ሳታነብ ገብተህ ነበር። ኩዊዙ ደህና ሆኖ ፋይናሉ ከወደቀ ችግሩ የጊዜ አጠቃቀምና የልምምድ ነው። መድኃኒቱ የተለያየ ነውና ሳትለይ «ዘንድሮ እቸክላለሁ (እሸመድዳለሁ)» ማለት ዋጋ የለውም። ደግሞ ቸከላ ለሂስትሪ ይሆን ይሆናል፣ ለስታቲክስ አይሆንም።

አፕላይድ ዋን ላይ የሚወድቀው አብዛኛው ልጅ ካልኩለስ አልገባውም ይባላል። እኔ እንደማየው ግን የሚጥለው ከካልኩለስ በታች ያለው ነው። ሊሚቱን ያውቀዋል፣ ፋክተር ማድረግ ግን ይሳነዋል። የዴሪቬቲቭ ሕጉን ይሸመድዳል፣ ክፍልፋይ ሲደመር ይሳሳታል፣ ሳይንና ኮሳይን ሲመጡ እጁ ይንቀጠቀጣል። በተለይ ገጠር ወረዳ ላይ፣ የሒሳብ መምህር ግማሽ ዓመት ጠፍቶ 11ኛ ክፍልን ለጨረሰ ልጅ ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም፣ ያልተማረው ነገር አለ። መፍትሔው ሴሚስተሩ ሳይጀመር የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ አውጥቶ አልጀብራውን፣ ትሪጎኖሜትሪውንና ቬክተሩን ከነመልመጃው መሥራት ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የ11ኛ ክፍል መጽሐፍ ይዞ ላይብረሪ ሲገባ ያፍራል። ሽፋኑን በጋዜጣ ለብጠው፣ ማንም አያይህም።

አፕላይድ ቱ ላይ የሲሪየስ ቴስቶች ናቸው የሚያምታቱት። የትኛው ቴስት ለየትኛው ሲሪየስ እንደሚሠራ አንድ ገጽ ላይ በራስህ እጅ ጻፍ፣ ከዚያ መልሱን ሳታይ ለብዙ ሲሪየስ «የቱን ልጠቀም?» የሚለውን ብቻ ተለማመድ። እስከ መጨረሻው መሥራቱ ቀጥሎ ይመጣል። ድርብ ኢንቲግራል ላይ ደግሞ ሥዕሉን ሳትሥል ወደ ስሌቱ አትግባ፤ ሊሚቱ የሚሳሳተው ቦታውን ሳያዩ ሲጀምሩ ነው። አፕላይድ ስሪ ላይ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ኢንቲግሬሽን ባይ ፓርትስና ፓርሻል ፍራክሽን የረሳ ሰው ነው፣ ሁለቱ ደግሞ የአፕላይድ ዋን ናቸው። አየህ፣ ቀስቱ ወደ ኋላም ይሄዳል።

ስታቲክስ የራሱ ጠባይ አለው። እዚያ ላይ ፎርሙላው ጥቂት ነው፣ ኃይሎች በአግድም ዜሮ፣ በቁም ዜሮ፣ ሞመንት ዜሮ። ታዲያ ለምን ይጥላል? ፍሪ ቦዲ ዳያግራሙን (አንድ አካል ላይ የሚያርፉት ኃይሎች በሙሉ የሚታዩበትን ሥዕል) ሳይሥሉ ስለሚጀምሩ ነው። ሪአክሽኑን ይረሳሉ፣ የፒንና የሮለር ሰፖርት ይቀላቀልባቸዋል፣ የሞመንቱ ምልክት ይገለበጣል። እንዲህ አድርግ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም አታስላ። ጥያቄውን አንብብ፣ ዳያግራሙን ብቻ ሥል፣ ከመልሱ ጋር አስተያይ፣ ወደሚቀጥለው እለፍ። በኋላ ትረስ ሲመጣ፣ ፍሪክሽን ሲመጣ፣ ሴንትሮይድና ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ ሲመጡ እጅህ የለመደውን ይሠራል።

የቆዩ ፈተናዎችን ፈልግ። ከሲኒየሮች፣ ከፎቶኮፒ ቤት፣ ከቴሌግራም ግሩፕ አይጠፋም። ግን መልሱን አታጥና፣ ሰዓት ይዘህ ተፈተነው። ፈተናው ሁለት ሰዓት ከሆነ አንተ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ለመጨረስ ሞክር። ከዚያ ሦስተኛው ላይ ከጻፍከው የስህተት ዝርዝር ጋር አስተያየው። ያው ርዕስ እንደገና ከመጣ ሳምንቱን ለእሱ ስጠው።

ታናናሾችህን አስጠና። ይህን የምለው ለጽድቅ አይደለም። ፍሬሾቹ ገና ስለጀመሩ የሚጠይቁት ጥያቄ ቀጥ ያለ ነው፤ «ለምንድነው ይሄ እዚህ የመጣው?» ይላሉ። መመለስ ካቃተህ እዚያ ጋ ክፍተት አለህ። አንተን እንደ ታላቅ ወንድም ስለሚያዩህም አንብበህ መምጣትህ የግድ ይሆናል።

ስለ ቦታው አንድ ነገር ልጨምር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሚወርደው ውርጭ ሌሊት ሲነበብ ያነበቡትን ሁሉ ከጣት ጫፍ ያስጥላል። ከሸዋ ሮቢት ቆላ የመጣ ልጅ ይህን ሳያውቅ በሹራብ ይመጣና የመጀመሪያው ሴሚስተር በጉንፋን ያልቃል። ከመንዝ የመጣ ጓደኛ ካለህ በርኖስ ወይም ባና ያስመጣልህ። ከደብረ ሲና ስታልፍ ቆሎ ግዛ፣ ሌሊት ላይ ከብስኩት ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከባዱን ኮርስ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ወይም ከሰዓት አንብቦ ለሌሊቱ ቀላሉን መተው ነው። በብርድ እየተንቀጠቀጡ ላፕላስ አይሠራም።

7. ዋርኒንግና መባረር ከመጣ

የዋርኒንጉና የዲስሚሳሉ (የማስጠንቀቂያውና የመባረሩ) የጂፒኤ ቁጥር ለፍሬሽና ለነባር ተማሪ ይለያያልና ከሴኔት ሕጉ ላይ አንብበው። እዚህ ጋ መጠንቀቅ ያለብህ አንድ ነገር ላይ ነው፤ ዝም ብለህ አትጥፋ። ሴሚስተሩ መሐል ላይ ታመምክ፣ ቤተሰብ ላይ ችግር ደረሰ፣ ወይም ነገሩ ሁሉ ሊወድቅ መሆኑን አየህ፣ ዊዝድሮዋል ፎርም (ትምህርት ለማቋረጥ የሚሞላ ቅጽ) ሞልተህ፣ ምክንያትህን በማስረጃ አያይዘህ፣ ክሊራንስ ጨርሰህ ውጣ። ፎርም ሳይሞላ የሄደ ተማሪ የቀሩት ኮርሶች ኤፍ ሊሆኑበት ይችላሉ፣ ሲመለስም በሩ ይጠብበታል።

ተባረርክም ቢሆን ሪአድሚሽን፣ እንደገና ተመልሶ መግባት፣ የሚባል ነገር አለ። መመለሻህ ብዙ ጊዜ ያ የወደቅክበት ኮርስ የሚሰጥበት ሴሚስተር ነው፣ ማመልከቻው ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ነው የሚገባው። ማስታወቂያውን የሚያይልህ ሰው ግቢ ውስጥ ተው። በመሐሉ ያለውን ጊዜ ሥራ እየሠራህም ቢሆን ኮርሱን አትልቀቀው። ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ሳይገልጥ የተመለሰ ልጅ እንደ ፍሬሽ ነው የሚጀምረው።

8. ለቤተሰብ መንገር

ገጠር ላሉ ወላጆች «ወደቀ» ማለት አለቀለት ማለት ነው። 12ኛ ክፍል ላይ ያዩት እሱን ነዋ፤ በ2014 ዓ.ም. ፈተና፣ ያ በ2015 መጀመሪያ ላይ በየዩኒቨርሲቲው የተሰጠው፣ ግማሽ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፣ አገር ምድሩ ያወራው ስለዚሁ ነበር። ስለዚህ አንድ ኮርስ መድገም ከመባረር ጋር ይምታታባቸዋል። ከጎረቤት ልጅ ከመስማታቸው በፊት ራስህ ደውል። «አባዬ፣ ከስድስት ትምህርት አንዱ ቀርቶብኛል፤ ከግቢ አልተባረርኩም፤ እሱን በሚቀጥለው ዓመት ደግሜ እወስደዋለሁ፤ ምናልባት መመረቂያዬ በአንድ ዓመት ይዘገያል» በል። እንዲሁ አራት ዓረፍተ ነገር። ስለ ጂፒኤ ማብራራት ከጀመርክ ነገሩ ይወሳሰባል። ኪስ ገንዘብ የሚልክልህ ጋሼ አዲስ አበባ ካለ ለእሱ ቀድመህ ንገረው፤ ለአባትህም የሚያስረዳልህ እሱ ነው። የሚጨመረው ዓመት ኮስት ሼሪንጉም (የትምህርት ወጪ መጋራት ዕዳው) ላይ እንደሚጨመር አትደብቅ።

9. ከመመረቅ በፊት የሚፈተሽ

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ኤግዚት ኤግዛም (የመውጫ ፈተና) ሳያልፉ መመረቅ የለም፣ ማለፊያው ደግሞ 50 በመቶ ነው። የሚጠየቀው ከዲፓርትመንቱ ዋና ዋና ኮርሶች ነው፣ እነሱ ደግሞ እነዚያ ቀስት የበዛባቸው መሠረታዊ ኮርሶች ላይ የቆሙ ናቸው። የደገምክበትን ደብተር አትጣለው፣ ለታናሽህም አታውሰው፤ ፎቶኮፒ አድርገህ ስጠው።

በመጨረሻም፣ ልትመረቅ ሁለት ሴሚስተር ሲቀርህ ስቱደንት ኮፒህን (የግሬድ ዝርዝርህን) ከሬጅስትራር አውጥተህ ከኮርስ ብሬክዳውኑ ጋር መስመር በመስመር አስተያይ። በተለይ የደገምካቸውን። ኤፍ የነበረው በአዲሱ ግሬድ ተተክቷል? ካሪኩለም ተቀይሮ የኮርሱ ኮድ ወይም ክሬዲት ከተለወጠ፣ አዲሱ ኮርስ በአሮጌው ፋንታ እንደሚያዝ የሚገልጽ የዲፓርትመንት ደብዳቤ ፋይልህ ውስጥ አለ? ከሌለ አሁኑኑ አስጽፍና ቁጥርና ማኅተሙን አረጋግጥ፤ ጋውን ተከራይተህ፣ ቤተሰብ ከመንዝ ተነሥቶ መንገድ ከጀመረ በኋላ የሚገኝ ክፍተት በደብዳቤ አይሞላም።